የአያ ሐዲስ አቧራ

ጎንደር፤ ጥቅምት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

በባሕር ማዶ፣ በሆላንድ አገር ለሚገኘው ለወንድሜ ለአያ ሐዲስ ይድረስ፤

እዚያ ያለው ብርድ እንደ ተከራይ ቤት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ብለህ ጽፈህ ነበርና፣ የደብራችን ታቦት ከብርዱም ከሐሳቡም ይጋርድህ። እኔ እንኳየሁ ደህና ነኝ። ከረሳኸኝ፣ የአምባ ጊዮርጊሷ ነኝ፤ አባቴ ለእናትህ የአክስት ልጅ ናቸው። አንተ ስትሄድ አፍንጫዬን የማልጠርግ ሕፃን ነበርኩ። አሁን አፍንጫዬን እጠርጋለሁ፤ እናትህ ቤት እያደርኩ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ።

የፊተኛውን ገጽ ያስጻፉኝ አጎትህ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እያስደገሙ፣ መልሰው ደግሞ «ይኸን ሰርዢው» እያሉ ነው ያስጻፉኝ። ራዲዮ እንዳትረሳ፣ ከነባትሪ ድንጋዩ፤ መነጽርም፤ ዣንጥላም። ይህ ገጽ ግን የብቻዬ ነው። ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ደረታቸውን ነፉና «የእኅቴ ልጅ የሰማይ አቧራ ነው የሚማረው» አሉ። የእናትህ የንስሐ አባት አባ ገብረ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙና፣

«ሰማይ ላይ ምን አቧራ አለ? ማን ረግጦት?» አሉ።

«ከዋክብት ናቸዋ!»

«ከዋክብት እግር አላቸው?»

«አንቱ ደግሞ ነገር ያጠብቃሉ። አለ ከተባለ አለ!»

አንድ ዲያቆን ከኋላ «ታዲያ ማን ይጠርገዋል?» ቢል ሁለቱም ተባብረው እሱን ተቆጡት። የተስማሙት በዚያ ብቻ ነው።

አሁን ቀልዱ ይቅር። አያ ሐዲስ፣ እናትህ ታመዋል። ከነሐሴ ጀምሮ ቀኝ ጎናቸው አብጧል። መቀነታቸውን አጥብቀው አስረውበት ይውላሉ፤ ሰው ሲመጣ ፈታ ያደርጉታል። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ ሐኪሙ ዳሰሳቸውና «አዲስ አበባ ሄደው ይቀደዱ፤ አሁን ከሆነ ይድናሉ፤ ከቆየ ግን እንጃ» አለኝ። እሳቸው ደግሞ «ሐዲስ መጥቶ እጄን ካልያዘኝ ቢላዋ አይነካኝም» ብለዋል። የተናገሩትን እንደማይለውጡ ታውቃለህ። መሪጌታ «ከሰማ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፤ እንዳይሰማ፤ ጠበል ይበቃታል» አሉ።

ስለዚህ ነገሩ ያለው አንተ እጅ ነው። ና። እጃቸውን ያዝና ተመልሰህ ሂድ፤ አቧራው የትም አይሄድብህም።

እኅትህ እንኳየሁ


ሆላንድ፤ ኅዳር 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ስንዱና ለመላው ቤተሰብ፤

የአባቶቻችን አምላክ ዕድሜያችሁን እንደ ወገራ ክረምት ያርዝመው። እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ።

እንኳየሁ እንደጻፈችልኝ የእናቴ ጎን ማበጡን ስሰማ እጅግ አዘንኩ። እማዬ፣ እባክሽ ሐኪሙ እንዳለው አዲስ አበባ ሂጂ። እኔ የዶክትርና ጽሑፌን በመምህራን ፊት የማቀርበው በሰኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ብነሣ የአራት ዓመት ድካሜ ገደል ይገባል። በሰኔ እመጣለሁ።

ለእንኳየሁ፦ አባ ገብረ ሚካኤል ከዋክብት እግር አላቸው ወይ ማለታቸው አስቆኛል። በከዋክብት መካከል ያለው ስፍራ ባዶ አይደለም፤ ከጭስ የደቀቀ አቧራ አለበት። እያንዳንዷ ቅንጣት እንደ ገብስ ፍሬ ረዘም ያለች ናት። በዚያ ሁሉ ስፍራ የማግኔት ኃይል ተዘርግቷል። በዓይን የሚታይ አይደለም፤ አቧራው ግን ይታዘዘዋል፤ ቅንጣቶቹ ወደ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። የሩቅ ኮከብ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ እሱም ወደ አንድ ወገን ያደላል። እኛ ያንን ማድላት እንለካና ያላየነውን ኃይል እናውቃለን።

የኔ ሥራ ድንበሩ ላይ ነው። ፀሐይ ሳታቋርጥ ነፋስ ትነፍሳለች። ነፋሷ ፕላኔቶቹን ሁሉ አልፎ፣ ከከዋክብት መካከል ከሚመጣው ጋር ተገፋፍቶ የሚቆምበት ቦታ አለ ብለን እናምናለን። እዚያ የደረሰ የለም። ከውጭ የሚመጣው አቧራ ድንበሩ ላይ ሲደርስ፣ ደቃቁ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ የማግኔቱ ኃይል ጠምዝዞ ይመልሰዋል። ከበድ ያለው ብቻ ሰብሮ ይገባል። የትኛው እንደሚመለስና የትኛው እንደሚያልፍ ነው የማሰላው።

ልጃችሁ ሐዲስ


ጎንደር፤ ጥር 15 ቀን 1963 ዓ.ም.

ብዙ ለተማረው፣ ጥቂት ለሚያስታውሰው ወንድሜ ለአያ ሐዲስ፤

ጤናህን እንደምኞትህ ያድርግልህ፤ ማስተዋሉን ደግሞ እንደኔ ምኞት።

ምነው አያ ሐዲስ? በዚህ ቤት ደብዳቤ ለብቻ እንደማይነበብ ረሳኸው? ያንተ ደብዳቤ ሲደርስ እንደ ልማዱ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ጎረቤትም በር ላይ ቆመ፣ እኔም አንባቢ ሆኜ መሐል ተቀመጥኩ። ምርቃቱን ሸጋ አድርጌ አነበብኩት። «እንኳየሁ እንደጻፈችልኝ» የምትለዋን ሳይ ሳል አስመሰልኩና ወደ ሰኔው ዘለልኩ። መሪጌታ ለካ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ዘለልሽ» አሉ።

«አልዘለልኩም፤ ሳል ይዞኝ ነው።»

«በሳልሽበት ጊዜ ያለፈውን አንብቢው።»

አነበብኩት። ዘመዱ ሁሉ ወደኔ ዞረ። እናትህ ብቻ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲስቁ አየኋቸው፤ ወይም ሲያለቅሱ ይሆናል።

በማግሥቱ አባ ገብረ ሚካኤል ከነመስቀላቸው ተጠርተው መጡ። «ሐዲስ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ፣ ስለ ስንዱ ሕመም አንዲት ፊደል ወደ ባሕር ማዶ እንዳትጽፊ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሻለሁ» አሉኝ።

«ስለ ሌላውስ አባ?»

«ስለ ሌላው የፈለግሽውን ቀባጥሪ።»

«እናቱን ሳያያቸው ቢቀርስ?»

«አፍሽን ያዢ! በሐዘን ልቡ ተሰብሮ ባዶ እጁን ቢመለስ ለማን ይበጃል?»

ግዝት ነው እንግዲህ። ግዝት ብጥስ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፣ ብሞትም እንደ ሰው አልቀበርም። ስለዚህ ስለ ሌላው እቀባጥርልሃለሁ።

የፊተኛው ገጽ ጽሕፈቱ የኔ ነው፤ ቃሉ የኔ አይደለም። መሪጌታ ራዲዮ አልፈልግም ብለዋል። መነጽርም፣ ዣንጥላም አልፈልግም ብለዋል። ከሄድክ ጀምሮ በየደብዳቤው ሲለምኑህ የኖሩ ሰውዬ! እናትህ አሉ ተብሎ የተጻፈውንም እየው፦ «ልጄ ሆይ፣ ጸጋ መንፈስ ቅዱስ ይደርብህ፤ ወስብሐት ለእግዚአብሔር»። እትዬ ስንዱ መቼ እንዲህ አሉ? እሳቸው በደብዳቤ ያሉህ «ቀጥነሃል አሉ፤ ምን እየበላህ ነው፤ የፈረንጅ አልጋ ወገብ ያጎብጣል» አልነበር?

እኛ ወገራ ላይ ነፋሱን አናየውም፤ ገብሱ ወዴት እንዳጎነበሰ ግን ሕፃንም ያያል። ያንተን ሙያ ተጠቀምበት። ደብዳቤዎቻችንን ሁሉ አሰልፍና ወዴት እንዳደሉ ለካ።

እንኳየሁ


ሆላንድ፤ መጋቢት 18 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእንኳየሁ፤

ሰላምታዬ በረዶውን አቋርጦ ይድረስሽ። ይህን የምጽፈው በተማሪ ቤትሽ አድራሻ ለብቻሽ ነው፤ ስለ ፊተኛው ስህተቴ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የመሪጌታ ደብዳቤ እማዬ ፈጽማ እንደዳነች ይናገራል። ጠበሉን ስላገኘችው እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ የሳይንስ ሰው ብሆንም የሚያምን ሰው በእምነቱ ሲድን አይቻለሁ። ካህን በእጁ ፈርሞ የላከውን ቃል ደግሞ አልጠራጠርም።

ያንቺን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ደጋገምኩት። እውነት ነው፣ አንድ ነገር ተደብቋል። መሪጌታ መለመን ያቆሙት፣ እማዬ እንደ ድርሳን መናገር የጀመረችው፣ አባ ገብረ ሚካኤል በዳነ ሕመም አሳበው ግዝት ድረስ የሄዱት፤ ሁሉን አሰለፍኩትና አገኘሁት። ሰርግ ነው! የዛሪማው ነጋዴ ባዬ ሴት ልጅ እንዳለችው፣ ገና እዚያ ሳለሁ መሪጌታ ያነሡ ነበር። ሽማግሌ ሰው ራዲዮ አልፈልግም ሲል ከራዲዮ የሚበልጥ ነገር አስቧል ማለት ነው። እንደመጣሁ ከአውሮፕላን አውርዳችሁ በቅሎ ላይ ልታወጡኝ ነው አይደል? ንገሪያቸው፤ ሰርግ ከሆነ አልቸኩልም።

ደግሞም አንድ ዕድል ገጥሞኛል። በመጪው ዓመት አሜሪካኖች ወደ ጁፒተር መንኮራኩር ይልካሉ። ጁፒተርን ካለፈ በኋላ አይመለስም፤ ወደዚያ ወደማሰላው ድንበር መንገዱን ይቀጥላል። ፕሮፌሰሬ ስሌቴን ከዚያ ጋር አያይዘን እንድናሳትመው እስከ መስከረም ቆይ ብሎኛል። በሰኔ ያልኩት ወደ ጥቅምት ቢገፋ ለእማዬ ምንም አይደል፤ ድናለችና።

ወንድምሽ ሐዲስ


ጎንደር፤ ግንቦት 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለሙሽራው፤

ሰርግ አልክ? አያ ባዬ ልጁን በጥር ድሮ ጨርሷል። ድንኳኑ ጠብቦ ሰው ውጭ በላ፤ ሙሽራው አጭር ነው ተብሎ ዛሪማ ገና አላባራችም። እኛ ቤት የሚጠመቅ ጠላ የለም፤ የሚፈተል ጥጥ የለም። ጌሾ የገዛ የለም። አንተ ግን በዚያ ሁሉ ማዶ ያለውን አቧራ ክብደቱን ታውቃለህ!

በሣቅህ አልተቆጣሁም። የተቆጣሁት «ድናለችና» ስላልከው ነው። አያ ሐዲስ፣ አንተ ሞኝ አይደለህም። ግዝት የሚያስገዝተው ነገር ምን እንደሆነ ከጥቅምቱ ደብዳቤዬ ታውቃለህ፤ ሌላ ምን ሊደብቁህ ይችላሉ? አንተ ግን ሁለት ደብዳቤ ደረሰህ። አንዱ ና ይላል፣ አንዱ ቆይ ይላል። የሚመችህን ወሰድክ። በስሌትህም እንዲህ ነው የምታደርገው?

መሪጌታ ያንተ ድንበር ሆነዋል። ከዚህ ቤት የሚወጣ ደቃቅ ወሬ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ተጠምዝዞ ይመለሳል። አልፎ አንተ ዘንድ የደረሰውን ደግሞ አንተው መልሰኸዋል።

ባለፈው ሳምንት አባ ገብረ ሚካኤል ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«አባ፣ ግዝቱን ይፍቱልኝ።»

«ልጁ ይጨርስ።»

«ልጁ እስከ ጥቅምት አልመጣም ብሏል።»

ይኸን ሲሰሙ ደነገጡ። ጢማቸውን ብዙ አሻሹ። «መሪጌታን ልጠይቃቸው» አሉ። መሪጌታ ደግሞ «አባን ልጠይቃቸው» አሉ። ሁለት ሽማግሌ አንዱ የአንዱን በር ሲያንኳኳ ሳምንት አለፈ፤ ሁለቱም እቤታቸው የሉም።

አሁን የምጽፈው ሕመም አይደለም፤ ቃል ነው። ቃል እንዳልጽፍ ማንም አልገዘተኝም። እትዬ ስንዱ ዛሬ ጧት እንዲህ አሉ፦ «ሐዲስን በይልኝ፤ አቧራውን ተወውና ና። ሰማዩ ከቆሸሸ የሠራው ይጠርገዋል። አንተ ና።»

ከአፋቸው እንደወጣ ነው የጻፍኩት። አንድም አልጨመርኩም።

እንኳየሁ


ሆላንድ፤ ነሐሴ 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእንኳየሁ፤

እንዴት ከረማችሁ? የክረምቱ ጭቃ ይብቃችሁ፤ አዲሱ ዓመት በደህና ይግባላችሁ።

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የፈተናዬ ሰሞን ነበር፤ ሳልከፍተው አስቀመጥኩት። አዎን፣ አውቄ ነው። ከከፈትኩት በኋላም መልስ ጀምሬ ቀደድኩ፣ ጀምሬ ቀደድኩ። ብቻ አለፈ። ጽሑፌን በሰኔ አቀረብኩ፤ አሁን ዶክተር ሐዲስ ነኝ። መሪጌታ ደጀ ሰላም ላይ ምን እንደሚሉ ከዚህ ሆኖ ይሰማኛል።

ሐምሌን የስሌቱን መጨረሻ ስንጽፍ አሳለፍኩ። አሁን ግን ቲኬት ቆርጫለሁ። መስከረም 29 ቀን በአስመራ በኩል አዘዞ እወርዳለሁ። ለእማዬ ወፍራም የሱፍ ሻል ገዝቼላታለሁ፤ ቀለሙ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፤ ትወደዋለች። እዚህ ካለ ሐኪም ጋር ስለ ጎኗ ተነጋግሬአለሁ፤ አሁንም አልረፈደም ይላል። እጇን ይዤ ራሴ አዲስ አበባ እወስዳታለሁ።

ንገሪያት። መስከረም ማለት ነገ ነው በያት። ደግሞ ምነው ከሐምሌ ወዲህ ከመሪጌታም ካንቺም ደብዳቤ ጠፋ?

ሐዲስ


ጎንደር፤ መስከረም 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለዶክተር ሐዲስ፤

ይህን ቆመህ እንዳታነበው። ተቀመጥ። ያ ፕሮፌሰርህ ካለ አጠገብህ ይሁን።

ስለ እትዬ ስንዱ ሕመም እንዳልጽፍ ተገዝቻለሁ፤ ግዝቴን አልጣስኩም። እትዬ ስንዱ ከሐምሌ 26 ወዲህ አልታመሙም። ስለ መቃብራቸው እንዳልጽፍ የገዘተኝ የለም። በደብሩ በምሥራቅ በኩል፣ ከአባትህ አጠገብ ናቸው። አርባቸውም ወጥቷል። ለቅሶው ብዙ ሰው ነበረው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ዘመድ በሁለት ማኪና ተጭኖ መጣ።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ያንን የአቧራ ደብዳቤህን አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። ስለማይታየው ኃይል የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ልጄ ያላየውን ያውቃል ማለት ነው?»

«አዎን፣ ከሩቅ ሆኖ ያውቃል።»

«እንግዲያ ያውቃላ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ መቼ ይመጣል ብለው አልጠየቁም። ይህን የነገርኩህ እንዲከብድህ ነው። ይክበድህ።

አሁን የሚጠብቅህን ልንገርህ። ሞት በፖስታ አይላክም ብለው ሁሉም ተማምለዋል፤ ዛሬም በፊተኛው ገጽ «እናትህ ናፍቃሃለች» ብዬ እንድጽፍ ታዝዤ ጽፌአለሁ። አንተ እስክትመጣ ድረስ ጸሐፊ ያስፈልጋል ብለው ነው ያቆዩኝ፤ ከዚያ ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ፣ እዚህ ማደሪያ የለኝምና። ተማሪ ቤትም ቀረ።

አዘዞ ላይ መሪጌታ ነጭ ለብሰው ይቀበሉሃል። ይስቃሉ። ሣቁን ከአሁኑ እየተለማመዱት ነው፤ ትናንት መስኮት ላይ ሆነው ሲስቁ ሰምቼ ሮጥኩ፤ ለካ ብቻቸውን ናቸው። ወደ ቤት አይወስዱህም። አባ ገብረ ሚካኤል ቤት ራት ያበሉሃል። «እናቴስ?» ብለህ ጠይቅ፤ ካልጠየቅህ ይጠረጥራሉ። «ጠበል ወርዳለች፤ ነገ ትመጣለች» ይሉሃል። ብላ። ባትራብም ብላ፤ የሰውነትህ ጉልበት እንዲኖር ብለው ነው። ተኛ። ጎሕ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተሰልፈው ይገባሉ፤ የሚናገሩት መሪጌታ ናቸው። ቃሉን ሲያጠኑት ከርመዋል። ከሦስተኛው ቃል አያልፉም፤ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ድምፃቸው ይሰበራል።

አላውቅም በል። እኔ እንደነገርኩህ ከሰሙ እኔን ከደብሩ ያስወጡኛል፤ ግን ለኔ ብዬ አይደለም። ጥሩ ነገር መስሏቸው የሠሩት ነው፤ ጥፋት ነበር ብዬ እኔ ልነግራቸው አልችልም፣ አንተም የመንገር መብት የለህም። ይህችን መርዶ እንኳ እንደ ወጉ ያድርሷት። ሻሉን ሻንጣህ ውስጥ ተወው፤ ቢያዩት መሪጌታ ሣቁ ይጠፋባቸዋል።

ሲነግሩህ ጮክ ብለህ አልቅስ። መሪጌታ ዘንድሮ ጆሯቸው ደክሟል፤ ካልሰሙህ ደግመው ይነግሩሃል።

እንኳየሁ